የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበት ጊዜ ባለሞተር ቴሌስኮፕን በእጅ ስለማንቀሳቀስ

1. መግቢያ

የሥነ ፈለክ ትምህርት ከመጽሐፍና ከጥቁር ሰሌዳ አልፎ ተማሪው ሰማዩን በገዛ ዓይኑ እንዲመረምር ካላደረገ የተሟላ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ተግባር ዋነኛው የትምህርት መርጃ መሣሪያ ቴሌስኮፕ ነው። ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ ለትምህርት ቤቶች በግዥም ሆነ በስጦታ ከሚቀርቡት ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩና በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ናቸው። ሞተሩ ሲሠራ የመምህሩን ድካም በእጅጉ ይቀንሳል፤ ኃይል ሲቋረጥ ግን መሣሪያው በድንገት ዝም ይላል።

አንድ ምሽት እናስብ። 60 ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጁፒተርን ያዩት 5 ወይም 6 ብቻ ናቸው። በዚህ ጊዜ መብራት ይጠፋል። መምህሩ በዚያች ቅጽበት ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ የመውደቅ አደጋ ይገጥመዋል። አንደኛው ትምህርቱን አቋርጦ ተማሪዎቹን መበተን ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ የቆመውን ቴሌስኮፕ ይዞ በጉልበት ማዞር ነው። የመጀመሪያው ስሕተት አንድ ምሽት ያስቀራል፤ ሁለተኛው ግን መሣሪያውን ለዘለቄታው ከአገልግሎት ውጪ አድርጎ ዕቃ ቤት ሊያስገባው ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ባለሞተር ቴሌስኮፕ ያለ ኃይል በእጅ ሊንቀሳቀስ የሚችለው መቼና እንዴት እንደሆነ፣ መቼስ ፈጽሞ መነካት እንደሌለበት ለመምህራን ማስረዳትና ለዕቅድ አውጪዎች በግዥ ጊዜ ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ማመልከት ነው።

2. የመሸከሚያው አሠራር

ቴሌስኮፕ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ብርሃን የሚሰበስበው ቱቦ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቱቦውን ይዞ ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚያዞረው መሸከሚያ ነው። መሸከሚያው ሁለት ዛቢያዎች አሉት። አንዱ ዛቢያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቱቦውን በአግድም ሲያዞር ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ «አግድምና ቁም» መሸከሚያ ልንለው እንችላለን። ከሁለቱ ዛቢያዎች አንዱ ወደ ሰማይ ዋልታ ያመለከተ እንደሆነ ደግሞ «ዋልታ ተኮር» ይባላል። የኋለኛው ዓይነት ጥቅም፣ መሬት በዛቢያዋ ላይ የምታደርገውን መዞር ለማካካስ አንዱን ዛቢያ ብቻ ማዞር የሚበቃ መሆኑ ነው።

በብዙ ባለሞተር መሸከሚያዎች ውስጥ ሞተሩ ዛቢያውን በቀጥታ አያዞርም። በመጀመሪያ ትንንሽ ጥርሳም መዘውሮችን ያዞራል፤ እነዚህም አንድ ጠምዛዛ ብሎን ያዞራሉ፤ ብሎኑ በበኩሉ ከዛቢያው ጋር የተያያዘውን ትልቅ ጥርሳም መዘውር ጥርስ በጥርስ ይገፋዋል። ብሎኑ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ትልቁ መዘውር የሚሄደው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ለምሳሌ በሰፊው ከሚታወቁት ዋልታ ተኮር መሸከሚያዎች አንዱ የሆነው ኢኪው6 የሚባለው ባለ 180 ጥርስ መዘውር አለው። ስለዚህ ብሎኑ 1 ዙር ሲዞር ቱቦው የሚንቀሳቀሰው 360ን ለ180 በማካፈል የሚገኘውን 2 ዲግሪ ብቻ ነው።

መሬት ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰኮንድ፣ ማለትም በ1436 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህንን ለ180 ብናካፍለው 8 ደቂቃ ያህል እናገኛለን። በመሆኑም ሞተሩ አንድን ኮከብ ሲከታተል ብሎኑን በየ8 ደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ ያዞረዋል ማለት ነው። ይህ ስሌት በእጅ ስለመከታተል ስንናገር ይጠቅመናል።

3. በጉልበት መግፋት ለምን ጉዳት ያስከትላል?

ብሎኑ መዘውሩን በቀላሉ ያዞረዋል፤ መዘውሩ ግን ብሎኑን መልሶ ሊያዞረው አይችልም። ምክንያቱም የብሎኑ ጥምዝ ያለው ተዳፋትነት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ እንቅስቃሴውን ያግደዋል። ይህንን ሁኔታ ማንኛውም የመኪና ጎማ ሲቀየር ያየ ሰው ያውቀዋል። ባለ ብሎን ክሪክ መኪናውን ከፍ ካደረገው በኋላ ሠራተኛው እጁን ቢለቅም የመኪናው ክብደት ብሎኑን ወደ ኋላ አያዞረውም። የቴሌስኮፑም ብሎን ሞተሩ ሲቆም ቱቦውን ባለበት ይዞ የሚያስቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መምህሩ ቱቦውን በኃይል ሲገፋ ምን ይሆናል? ከዛቢያው 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ በሚገኘው የቱቦ ጫፍ ላይ የ10 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ግፊት አደረገ እንበል። የመዘውሩ ስፋት ከመሐል እስከ ጠርዝ 4.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዘንግ ሕግ መሠረት በጥርሶቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል 10 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ4.5፣ ማለትም የ133 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። ይህንን ሁሉ የሚሸከሙት በዚያች ቅጽበት ከብሎኑ ጋር የተነካኩት ጥቂት ጥርሶች ብቻ ናቸው። መዘውሩ ከነሐስ የተሠራ ከሆነ ጥርሶቹ ይበላሉ፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሊሰበሩ ይችላሉ።

ጠምዛዛ ብሎን በሌላቸውና በተራ ጥርሳም መዘውሮች ብቻ በሚሠሩት መሸከሚያዎችም ቢሆን አደጋው አይቀርም። በእነዚህ ውስጥ ቱቦው ሲገፋ ሞተሩ ወደ ኋላ በፍጥነት ሊዞር ይችላል። በእጅ የሚዞር ሞተር ደግሞ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፣ ይህ ኤሌክትሪክ ወደ መቆጣጠሪያው ገብቶ ጥቃቅን ክፍሎቹን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ኃይል ስለሌለ ጉዳት አይደርስም» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

4. በእጅ መንቀሳቀስ የሚችለውን ከማይችለው ስለመለየት

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን በትልቁ መዘውርና በዛቢያው መካከል የሚገኝ የማጣበቂያ ክፍል ሲሆን፣ ሲጠብቅ ሁለቱን በሰበቃ ያያይዛቸዋል፤ ሲላላ ደግሞ ይለያያቸዋል። በመኪና ውስጥ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩና ጎማው እንደሚለያዩ ሁሉ፣ በቴሌስኮፕም ፍሪሲዮኑ ሲላላ ዛቢያው ከጥርሶቹ ነፃ ሆኖ በእጅ ይዞራል። ከዚህ አንጻር መሸከሚያዎችን በ3 መክፈል ይቻላል።

ሀ) በሁለቱም ዛቢያዎች ላይ በእጅ የሚላላና የሚጠብቅ ፍሪሲዮን ያላቸው። በነዚህ ላይ ከዛቢያዎቹ አጠገብ ትንንሽ መወርወሪያዎች ወይም ክብ እጀታዎች ይታያሉ። ያለ ኃይል ለመሥራት እጅግ ተስማሚዎቹ እነዚህ ናቸው።

ለ) ፍሪሲዮናቸው በተወሰነ መጠን ጠብቆ የሚኖርና ከዚያ በላይ ሲገፋ የሚንሸራተት ዓይነት የሆነ። እነዚህ በዝግታ ቢገፉ ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን የመሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ ይህንን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ሐ) ፍሪሲዮን ጭራሽ የሌላቸው፣ ወይም በአንዱ ዛቢያ ላይ ብቻ ያላቸው። ፍሪሲዮን የሌለው ዛቢያ በእጅ መዞር የለበትም።

መምህሩ የመሣሪያው ዓይነት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያለበት መብራት በጠፋበት ጨለማ ሳይሆን አስቀድሞ፣ በቀን ብርሃንና መመሪያውን በእጁ ይዞ ነው። ያወቀውንም በአጭሩ በአማርኛ ጽፎ በመቆሚያው እግር ላይ ቢለጥፈው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው መምህር ትልቅ ውለታ ይሆናል።

5. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ፍሪሲዮን ያለው መሸከሚያ ኃይል ሲቋረጥበት የሚከተሉት ተግባራት በተራ ይፈጸማሉ።

1ኛ) ማብሪያ ማጥፊያው ይዘጋል፤ ገመዱም ከመሣሪያው ይነቀላል። ይህ ካልተደረገ ኃይሉ በድንገት ሲመለስ ሞተሩ ተነሥቶ ተማሪ በሚመለከትበት ጊዜ ቱቦውን ሊያዞረው ይችላል።

2ኛ) ተማሪዎች ከመሣሪያው 2 ሜትር ያህል እንዲርቁ ይደረጋል።

3ኛ) መምህሩ በአንድ እጁ ቱቦውን አጥብቆ ይይዛል፤ በሌላው እጁ ፍሪሲዮኑን ቀስ በቀስ ያላላል። ሁለቱ ዛቢያዎች በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይላሉም። ሚዛኑን ያልጠበቀ ቱቦ ፍሪሲዮኑ ሲላላ ወድቆ ከመቆሚያው ጋር ሊጋጭ ወይም የተማሪ ራስ ሊመታ ይችላል።

4ኛ) ሚዛኑ ይፈተናል። ፍሪሲዮኑ ላልቶ እጅ ቀለል ሲደረግ ቱቦው በቆመበት ከቀረ ሚዛኑ ትክክል ነው። በዋልታ ተኮር መሸከሚያ ላይ ሚዛኑ የሚስተካከለው ከቱቦው በተቃራኒ ባለው ብረት ላይ የሚገኘውን ክብደት በማንሸራተት ነው። ለምሳሌ 8 ኪሎ ግራም የሆነ ቱቦ ከዛቢያው በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ 5 ኪሎ ግራም የሆነው ክብደት በ32 ሳንቲ ሜትር ላይ መቀመጥ ይኖርበታል፤ 8 ሲባዛ በ20 እና 5 ሲባዛ በ32 እኩል 160 ናቸውና። ቱቦው ራሱም በማቀፊያው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተሳበ ይመዛዘናል።

5ኛ) ቱቦው ይዞራል። ሲዞር የሚያዘው ከወፍራም አካሉ ወይም ከክብደቱ ብረት እንጂ ከዓይን ምስሪቱ ወይም ከላዩ ካለው ትንሽ አመልካች መነጽር አይደለም። እነዚህ ረቂቅ ክፍሎች ስለሆኑ አቅጣጫቸው ይዛባል።

6ኛ) የተፈለገው የሰማይ አካል በአመልካቹ መነጽር መሐል ሲገባ ፍሪሲዮኑ በመጠኑ፣ ማለትም ቱቦው ሳይወድቅ በጣት ግፊት ሊንቀሳቀስ እስከሚችል ድረስ ብቻ ይጠብቃል። በካቻቪቴ ወይም በጉጠት አጥብቆ ማሰር የተከለከለ ነው።

በሐ የተመለከተው መሸከሚያ ላለው ትምህርት ቤት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ቱቦውን ከመሸከሚያው ፈትቶ በእንጨት በተሠራ ቀላል መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ነው። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ የነበሩትና በ2014 እ.ኤ.አ. ያረፉት ጆን ዶብሰን ያስፋፉት የእንጨት መቆሚያ ዓይነት ሞተርም ሆነ ጥርስ የለውም። ከጣውላ ተሠርቶ በሚያንሸራትቱ ጠፍጣፋ ቁራጮች ላይ የሚዞር ስለሆነ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል ሊሠራ ይችላል።

6. በእጅ ስለመከታተል

ሞተሩ ሲቆም ሰማዩ የሚሸሽ ይመስላል። በምድር ወገብ ትይዩ ያለ ኮከብ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃም 1 ዲግሪ ይጓዛል። የጨረቃ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ ጨረቃ የራሷን ስፋት የምታልፈው በ2 ደቂቃ ገደማ ነው።

ስለዚህ መምህሩ በእጅ በሚሠራበት ጊዜ አነስተኛ ማጉላት መምረጥ ይኖርበታል። 50 ጊዜ በሚያጎላ የዓይን ምስሪት የሚታየው የሰማይ ስፋት 1 ዲግሪ ቢሆን፣ አንድ ኮከብ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመድረስ 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። ማጉላቱ ወደ 100 ከፍ ቢል ጊዜው ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል። በ50 ማጉላት መምህሩ ኮከቡን በሚገባበት ጠርዝ አጠገብ አስቀምጦ እጁን ቢያነሣ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ 30 ሰኮንድ ቢሰጥ 6 ተማሪዎች በ3 ደቂቃ ተመልክተው ይጨርሳሉ። ከዚያም ቱቦውን እንደገና ያስተካክላል። በዚህ ዓይነት 60 ተማሪዎች በ10 ጊዜ ማስተካከል ብቻ ይዳረሳሉ።

አንዳንድ መሸከሚያዎች ሞተሩን ከብሎኑ የሚለይ መፍቻና ብሎኑን በእጅ ለማዞር የሚያገለግል እጀታ አላቸው። መዘውሩ 144 ጥርስ ካለው አንድ ሙሉ ዙር 2.5 ዲግሪ ስለሆነና ይህም የ10 ደቂቃ ጉዞ ስለሆነ፣ መምህሩ እጀታውን በየደቂቃው የዙር አንድ አሥረኛ ያህል ቢያዞረው ኮከቡ ከመሐል አይለይም።

የአገራችን አቀማመጥም ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታየው በ9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ጋራ ወይም ሕንፃ ሊከልለው ይችላል። በአርባ ምንጭ ደግሞ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ የዋልታ ተኮር መሸከሚያ ዛቢያ አጋድሞ ሊተኛ ጥቂት ሲቀረው ክብደቱ ከመቆሚያው እግር ጋር እንዳይጋጭ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአግድምና ቁም መሸከሚያ ረገድ ደግሞ፣ በአገራችን ብዙ ከዋክብት በአናት አጠገብ ስለሚያልፉ፣ ልክ አናት ላይ ያለን ኮከብ በእጅ መከታተል አስቸጋሪ ነው፤ ጥቂት ለመከተል ቱቦውን በአግድም ብዙ ማዞር ይጠይቃልና። ከአድማስ በላይ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ የሚገኙትን መምረጥ ሥራውን ያቀልለዋል።

ፀሐይን በተመለከተ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፊቱ ላይ ትክክለኛ ማጣሪያ ያልተደረገበት ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አይዞርም፤ ዓይንን በቅጽበት ያሳውራል። ኃይል አጥቶ የቆመ ቴሌስኮፕም ክዳኑ ሳይደረግበት በውጪ ማደር የለበትም፤ የጧት ፀሐይ ከአፉ ፊት ለፊት ልትደርስ ትችላለችና።

7. ከኃይል መቋረጥ ስለሚገኝ ትምህርት

የሞተሩ መቆም ለትምህርት የሚሰጠው አጋጣሚም አለ። ሞተሩ ሲሠራ ኮከቡ በምስሪቱ መሐል እንደተተከለ ስለሚቆይ ተማሪው የመሬትን መዞር አያስተውልም። ሞተሩ ሲቆም ግን በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ ያያል።

መምህሩ ይህንን ወደ ልምምድ ሊለውጠው ይችላል። በኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ቀበቶ ላይ ካሉት ሦስት ከዋክብት ሰሜናዊው ምንታካ በሰማይ ወገብ ላይ ማለት ይቻላል። ተማሪዎች ይህን ኮከብ በምስሪቱ መሐል ለመሐል እንዲያልፍ አድርገው፣ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በሰዓት ይለካሉ። ያገኙትን ደቂቃ ለ4 ሲያካፍሉ የቴሌስኮፓቸውን የእይታ ስፋት በዲግሪ ያገኛሉ። ከዚያም ወደ ሰሜን ኮከብ ዞረው ለምን እንደማይንቀሳቀስ እንዲያብራሩ ይጠየቃሉ። ለዚህ ልምምድ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም።

በታሪክም ቢሆን በእጅ ማዞርና በመሣሪያ መከታተል ተለያይተው የኖሩ አይደሉም። በ1824 እ.ኤ.አ. ፍራውንሆፈር የሠራውና ዛሬ ታርቱ በምትባለው በዶርፓት ከተማ የተተከለው 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ኮከብን የሚከታተለው በሚወርድ ክብደት በሚሠራ ሰዓት መሰል መሣሪያ ነበር። ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚወሰደው ግን ሚዛኑ እጅግ የተስተካከለ ስለነበር በእጅ ነበር። ፍሪድሪኽ ስትሩቬ በዚሁ መሣሪያ ሰማዩን መርምሮ በ1827 እ.ኤ.አ. 3112 ጥንድ ከዋክብትን የያዘ መዝገብ አሳትሟል።

8. ኃይል ሲመለስ

ቱቦው በእጅ ከተዞረ በኋላ ኮምፒዩተሩ ቱቦው ወዴት እንደሚያመለክት በብዙዎቹ መሣሪያዎች አያውቅም። የቀድሞውን አቅጣጫ እንደያዘ አድርጎ ስለሚገምት፣ ዝም ብሎ ቢበራ ወደ ስሕተት ቦታ ያዞረዋል፤ ቱቦውም ከመቆሚያው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ቱቦው ወደ መነሻ አቋሙ ይመለሳል፤ ፍሪሲዮኖቹ ይጠብቃሉ፤ ገመዱ ይሰካል፤ በመጨረሻም የታወቁ ከዋክብትን እያሳዩ መሣሪያውን የማስተዋወቁ ሥራ ከመጀመሪያው ይደገማል።

9. ለዕቅድ አውጪዎች

ለትምህርት ቤቶች ቴሌስኮፕ ሲገዛ ወይም ስጦታ ሲቀበሉ የሚከተሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ ይኖርባቸዋል።

ሀ) መሸከሚያው በሁለቱም ዛቢያዎች ላይ የሚላላ ፍሪሲዮን አለውን?
ለ) ያለ ሞተር በእጅ ቀስ ብሎ የሚያዞር እጀታ አለውን?
ሐ) ዋልታ ተኮር ከሆነ፣ ዛቢያው ለአገራችን ዝቅተኛ ኬክሮስ እስከሚበቃ ድረስ ዝቅ ይላልን?
መ) በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራልን? መሣሪያው 1 አምፔር ቢወስድ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 7 ሰዓት ያሠራዋል፤ የእርሳስ ባትሪ ጨርሶ ባዶ መሆን ስለማይገባው ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ማሰብ ይገባል።
ሠ) መለዋወጫ ጥርሳም መዘውሮች ከመሣሪያው ጋር ይቀርባሉን?
ረ) መመሪያው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ የሥራ ቋንቋ ተመልሷልን? መምህሩስ ሥልጠና አግኝቷልን?

ለነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ፣ በተመሳሳይ ገንዘብ ሞተር የሌለው ነገር ግን ሰፋ ያለ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ መግዛት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ብርሃን የሚሰበስበው መስታወቱ እንጂ ሞተሩ አይደለምና።

10. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ባለሞተር ቴሌስኮፕ ያለ ኃይል በእጅ ሊንቀሳቀስ የሚችለው ዛቢያው ከጥርሶቹ የሚለይበት ፍሪሲዮን ሲኖረው፣ ሚዛኑም ሲስተካከል ነው። ፍሪሲዮን በሌለበት ጉልበት መጠቀም መሣሪያውን ማጥፋት ነው። ይህንን ልዩነት ያወቀ መምህር መብራት ቢጠፋም ተማሪዎቹን አይበትንም። ማብሪያውን ዘግቶ፣ ቱቦውን ደግፎ፣ ፍሪሲዮኑን አላልቶ በተሰለፉት ተማሪዎች ፊት ትምህርቱን ይቀጥላል፤ እንዲያውም ከተማው ሲጨልም ከዋክብቱ ይበልጥ ደምቀው ይታያሉ።